ስም ማጥፋት በበዛበት አደባባይ ስለ ውሃ መናገር

ከጅግጅጋ ወደ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቶጎ ውጫሌ የደረሰ ሰው ድንበሩን በአጥር አያገኘውም። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ደረቅ የወንዝ አሸዋ ነው። ወዲህ የኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ወዲያ ሶማሌላንድ። ሩዝ፣ ስኳር፣ የዱቄት ወተትና ጨርቃ ጨርቅ ወዲህ ይሻገራል፤ በግ፣ ፍየል፣ ጫትና አትክልት ወዲያ ይሻገራል። ማዶ የምርጫ ሰሞን ሲሆን ደግሞ ዘፈኑና የድምፅ ማጉያው ጩኸት ያለ ቀረጥ ይሻገራል። መኪኖች በቅጠልና በባንዲራ ተሸልመው፣ ወጣቶች በጣሪያቸው ላይ ተጭነው ይወጣሉ። የፓርቲያቸውን ቀለም የለበሱ ሴቶች እያጨበጨቡ ይከተላሉ።

ማዶ ያለው የቅስቀሳ ሥርዓት አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለው። የምርጫ ኮሚሽኑ ለእያንዳንዱ ፓርቲ የራሱን ቀን ይመድባል። ዛሬ ኩልሚዬ የተባለው ፓርቲ አደባባይ ከወጣ ተፎካካሪው ዋዳኒ ቤቱ ይቀመጣል፤ የዋዳኒ ቀን ሲደርስ ደግሞ ኩልሚዬ ይቀመጣል። ሁለት ሰልፍ በአንድ መንገድ ላይ አይገናኝም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሦስቱ የፕሬዚዳንት እጩዎች በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተከራከሩ። በዚያው ምርጫ ሰሞን ግን ባለሥልጣናቱ የሐሰት ወሬ ሰላም ያደፈርሳል ብለው ማኅበራዊ ሚዲያን ዘግተዋል። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተሰጠው ድምፅ ተቃዋሚው አሸነፈ፤ ሥልጣንም በሰላም ተላለፈ። ሶማሌላንድ የራሷ ብዙ ጉድለት አለባት፤ የምርጫ ቀን መራዘም ልማድ ሆኖባታል፣ በ2014 ዓ.ም. ክረምትም በዚሁ ጉዳይ አደባባይ በወጡ ሰዎች ላይ ጥይት ተተኩሶ ሕይወት ጠፍቷል። ቢሆንም ከወንዙ ወዲህ ላለው መራጭ አንድ ነገር በዓይኑ አሳይታዋለች፤ ተመሳሳይ ቋንቋ የሚናገር፣ ተመሳሳይ የጎሳ አደረጃጀት ያለው፣ ከብቱን በዚያው መስክ የሚያሰማራ ሕዝብ ተፎካክሮ ሊመርጥ ይችላል።

ታዲያ ወዲህ በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬ፣ ከዚያም አልፎ በሲቲ ዞን በሽኒሌና በኤረር፣ በጉዳይ ላይ የተመሠረተ ቅስቀሳ ለማካሄድ የሚፈልግ እጩ ምን ይጠብቀዋል?

ስም ማጥፋት እዚህ አገር እንደ አሜሪካ በተከፈለበት የ30 ሴኮንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አይመጣም። የሚመጣው በስልክ ነው። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሕዝቡ የፖለቲካ ነገሩን በጆሮው ነው የሚሰማው። ቢቢሲ የሶማሊኛ ሥርጭቱን እ.ኤ.አ. በ1957 ከጀመረ ወዲህ የማታ ዜና ሰዓት የተከበረ ሰዓት ነው። ዛሬ የዚያን ሬዲዮ ቦታ በብዛት የያዘው በዋትስአፕና በቴሌግራም የሚላከው የድምፅ መልእክት፣ የፌስቡክና የቲክቶክ ቀጥታ ሥርጭት ነው። ሬዲዮው አንባቢና አርታኢ ነበረው፤ ስሙን የሚናገር ጋዜጠኛ ነበረው። የድምፅ መልእክቱ ግን ባለቤት የለውም። አንድ ሰው ጫት ቤት ተቀምጦ ለሦስት ደቂቃ የተናገረው፣ በማግሥቱ ሻይ ቤት ውስጥ በአምስት ስልክ ይሰማል። ከሚኒሶታም ሆነ ከናይሮቢ የተላከ ይሁን ከጎረቤት ሰፈር፣ የሚለየው የለም።

ይዘቱም ቢሆን ከሁለት ሦስት መንገድ አይወጣም። የመጀመሪያው «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ነው። እጩው ስለ መንገድ ሲናገር፣ የሚመለሰው መልስ የዘር ሐረጉ ይሆናል፤ መንገዱም የሚሠራው ለእርሱ ወገን ነው ይባላል። ሁለተኛው ታማኝነትን የሚያጠለሽ ነው። ተቃዋሚው ትናንት ጫካ የነበረ፣ ነገም የሚመለስ ተደርጎ ይሣላል፤ የገዢው ፓርቲ እጩ ደግሞ ሕዝቡን ለአዲስ አበባ የሸጠ ተላላኪ ይባላል። ሦስተኛው ሴት እጩዎችን ለብቻቸው የሚጠብቅ ነው። የአባቷ ጎሳ «አግብታ ሄዳለች» ይላል፤ የባሏ ጎሳ «የሰው ልጅ ናት» ይላል፤ በመሐል ሜዳ ላይ ትቀራለች። ሃይማኖቷንና ቤቷን የሚነካው ወሬ ከዚህ በላይ ነው።

ይህ ሁሉ ተራ የምርጫ ሽኩቻ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም.ን ማስታወስ አለበት። የክልሉ ፕሬዚዳንት አብዲ ሙሐመድ ዑመር ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር የገቡበት ፍጥጫ ሲፈነዳ፣ ሄጎ የሚባሉት የተደራጁ ወጣቶች ጅግጅጋ ላይ ሶማሌ ያልሆኑ ነዋሪዎችን ለይተው አጠቁ። ሰው ተገደለ፣ ሱቅ ተዘረፈ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ለዓመታት አብረው የነገዱ፣ አብረው ቡና የጠጡ ጎረቤታሞች በቀናት ውስጥ ተለያዩ። ብዙ ሶማሌዎች ጎረቤቶቻቸውን ቤታቸው ደብቀው ማትረፋቸውም የዚያው ታሪክ ክፍል ነው። አብዲ በቀናት ውስጥ ከሥልጣን ወረዱ፤ ነሐሴ ላይ ሙስጠፌ ሙሐመድ ዑመር ተተኩ። «እነዚያ» እና «እኛ» የሚለው ቅስቀሳ እዚህ ከተማ ውስጥ የት ድረስ እንደሚሄድ ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ የተቃጠለውን ሱቅ መልሶ የሠራውን ነጋዴ ማየት ይበቃል።

የምርጫው ታሪክ ራሱ ደግሞ ተፎካካሪን አላስለመደም። የሶማሌ ክልል መራጭ ከሌላው አገር ዘግይቶ መምረጥ ለምዷል። በ1992 ዓ.ም. አገሪቱ ግንቦት 6 ስትመርጥ ክልሉ ነሐሴ 25 መረጠ። በ1997 ዓ.ም. አገሪቱ ግንቦት 7፣ ክልሉ ነሐሴ 15። በ2002 እና በ2007 ዓ.ም. ቀኑ ገጠመ፤ ሆኖም የክልሉ ገዢ ፓርቲ የነበረው ሶሕዴፓ ያለ ተፎካካሪ ማለት በሚቻል ሁኔታ ጠቀለለው። ተፎካካሪ በሌለበት ደግሞ ቅስቀሳው ስለ ጉዳይ ሊሆን አይችልም፤ ስለ ታማኝነት ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ለዚህ ክልል ከሌላው የበለጠ ተስፋ የተጣለበት ነበር። በ2003 ዓ.ም. በሽብርተኝነት ተፈርጆ የነበረው የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃነት ግንባር (ኦብነግ) በ2010 ዓ.ም. ፍረጃው ተነሣለት፣ ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ከመንግሥት ጋር ተፈራረመ፣ ከዚያም እንደ ፓርቲ ተመዘገበ። ኢዜማም፣ ነፃነትና እኩልነት ፓርቲም እጩ አቀረቡ፤ የግል እጩዎችም ነበሩ። ሶሕዴፓ በበኩሉ በ2012 ዓ.ም. ወደ ብልጽግና ገብቶ ነበር። ክልሉ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የቀብሪበያህ መራጭ ሁለት የተለያየ ሐሳብ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያይበት ዕድል የተከፈተ መሰለ።

አልሆነም። በመራጮች ምዝገባ ላይ ከተቃዋሚዎች አቤቱታ በረከተ። ምርጫ ቦርድ በበርካታ የምርጫ ክልሎች ምዝገባ አስቆመ፣ አጣሪም ላከ። የድምፅ መስጫ ወረቀት ኅትመት ችግርም ተጨመረ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አብዛኛው አገር ሲመርጥ ሶማሌ ክልል ቀረ፤ ድምፅ የተሰጠው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ያ ቀን ሲደርስ ግን ኦብነግ፣ ኢዜማና ነፃነትና እኩልነት ፓርቲ በክልሉ ከነበረው ፉክክር ራሳቸውን አግልለው ነበር። ምክንያታቸውም የመራጮች ምዝገባው ሂደትና የደረሰብን ጫና የሚል ነው። ብልጽግና አሸነፈ።

ተቃዋሚዎቹ መውጣታቸውን እንደ ፖለቲካ ውሳኔ እረዳዋለሁ፤ የምዝገባው መዝገብ ላይ እምነት ያጣ ፓርቲ ስሙን አበድሮ ውጤቱን ማስዋብ አይፈልግም። መራጩ ላይ የደረሰው ጉዳት ግን ከባድ ነው። ተቃዋሚ ሲወጣ የሚወጣው እጩው ብቻ አይደለም፤ ጥያቄውም አብሮት ይወጣል። ስለ ውሃ፣ ስለ ድንበር ንግድ፣ ስለ ከብት ገበያ ገዢውን ፓርቲ ፊት ለፊት የሚጠይቅ ሰው ከአደባባይ ይጠፋል። የሚቀረው የስልኩ ወሬ ነው። በጎ ቅስቀሳ የሚጀምረው ከእጩው ጨዋነት በፊት፣ ንጹሕ ከሆነ መዝገብና ያለ ፍርሃት ከሚቆምበት አደባባይ ነው። ይህን ሳያሟሉ እጩዎችን «ጨዋ ሁኑ» ማለት ግፍ ነው።

ስድብን በሐሳብ መርታት ለሶማሌ ባህል እንግዳ ነገር ነው የሚሉ አሉ። እንደዚያ የሚያስቡ ሰዎች ግጥሙን አላዳመጡትም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሊ ዱህ የተባለው ገጣሚ የጀመረው «ጉባ» የተባለ የግጥም ሰንሰለት ነበር። አንዱ ወገን ሌላውን የውሃ ጉድጓዱን ተቀማህ እያለ የሚያንኳስስበት፣ ተሰዳቢው በዚያው ስልት የሚመልስበት ነበር። ቃማን ቡልሃንም ከመለሱት አንዱ ነው። ያ ግጥም ከሰው ወደ ሰው በቃል ተላልፎ፣ አሮጌ ቂም እያደሰ ለብዙ ዓመታት ኖረ። የዛሬው የድምፅ መልእክት አያት ማለት እርሱ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1979 ገጣሚዎቹ ሙሐመድ ሐሺ «ጋሪዬ» እና ሐድራዊ «ዴሌይ» የሚባለውን ሌላ ሰንሰለት ጀመሩ። ይህኛው የተነሣው በጎሰኝነት ላይ ነበር፤ ብዙ ገጣሚዎች ተከታትለው ገቡበት፣ የደገፈም የነቀፈም ነበረ፣ በካሴት ተቀድቶ በየአገሩ ዞረ። ያው ሕዝብ፣ ያው የግጥም ሕግ፣ ያው ክርክር። የተለየው የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው። ሁለቱም ሰንሰለቶች ዛሬም በቃል የሚያውቃቸው አለ፤ ስለዚህ ጅግጅጋ ላይ ስለ ጉዳይ የሚናገር እጩ ከውጭ የመጣ ነገር ይዞ የገባ ሊመስለው አይገባም።

ስም ማጥፋት ድምፅ ያስገኛል ወይ? ብዙ የቅስቀሳ አማካሪ ያለ ጥርጥር ያስገኛል ይላል። ማስረጃው ግን ይህን አይልም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሪቻርድ ላውና ባልደረቦቹ በጉዳዩ ላይ የተሠሩ ከ100 በላይ ጥናቶችን ሰብስበው መርምረዋል። ያገኙት ነገር፣ የማጥላላት ማስታወቂያ ከሌላው ይልቅ በሰው አእምሮ ውስጥ ይቀራል፤ ተሰዳቢውንም ይጎዳል፤ ሰዳቢውንም ግን መልሶ ይጎዳል፤ በድምፅ ያሸንፋል ለማለት የሚያስደፍር ነገር የለም የሚል ነው። በመንግሥት ላይ ያለውን እምነት ግን ትንሽ በትንሽ ይሸረሽራል። ለረጅም ዘመን መንግሥትን በጥርጣሬ ሲያይ ለኖረ ሕዝብ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም የከፋ ነው።

በተግባር የታየም አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ቺሊ ውስጥ አውጉስቶ ፒኖቼ በሥልጣን ይቀጥል ወይስ ይብቃው የሚል ሕዝበ ውሳኔ ተጠራ። ለሁለቱም ወገን በየማታው 15 ደቂቃ የቴሌቪዥን ሰዓት ተሰጠ። የመንግሥቱ ወገን ተቃዋሚው ካሸነፈ ትርምስና ደም ይመጣል እያለ አስፈራራ። ተቃዋሚዎቹ የሞተባቸውን ዘመድ፣ የታሰረባቸውን ወንድም ብቻ ቢያሳዩ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። እነርሱ ግን የቀስተ ደመና አርማ ይዘው ደስታ ይመጣል አሉ፤ ከፒኖቼ በኋላ ያለውን ኑሮ አሳዩ። ግፉን አልደበቁም፤ የጠፉባቸውን ሰዎች ፎቶ የያዙ እናቶች በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ነበሩ። 56 ከመቶ ያህሉ ድምፅ ሰጪ «አይሆንም» አለ። ኢስታንቡል ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የከንቲባ እጩው ኤክረም ኢማሞግሉ በ13 ሺህ ያህል ድምፅ አሸንፎ ውጤቱ ተሰረዘበት። ሕዝቡን በቁጣ ከመቀስቀስ ይልቅ ተቀናቃኙን የመረጡትን ሰዎች ቀርቦ አቀፈ፣ ሁሉም ጥሩ ይሆናል አለ። በድጋሚው ምርጫ ልዩነቱ ወደ 800 ሺህ ደረሰ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የምዕራብ አፍሪካው ነው። በሴራሊዮን እ.ኤ.አ. በ2012 ለፓርላማ የሚወዳደሩ እጩዎች ሲከራከሩ በቪዲዮ ተቀረጹ፤ ቪዲዮውም በተንቀሳቃሽ ሲኒማ በየመንደሩ ታየ። ብዙዎቹ መራጮች ከዚያ በፊት የእጩዎቹን ስም እንኳ በቅጡ አያውቁም ነበር። ክርክሩን ያዩት መራጮች ስለ እጩዎቹ አቋም ይበልጥ አወቁ፤ በክርክሩ የተሻለ ሆኖ ለታየው ሰው ያደላ ድምፅ ሰጡ። ከሁሉ የሚደንቀው ከምርጫው በኋላ የተገኘው ነው። ክርክራቸው በየመንደሩ የታየባቸው አሸናፊዎች ለምርጫ ክልላቸው ልማት ከሌሎቹ ይበልጥ ጊዜና ገንዘብ አወጡ። በአደባባይ የተናገሩት ቃል አሰራቸው ማለት ነው። ቤኒን ውስጥ ደግሞ ሊዮናርድ ዋንቸኮን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ምርጫ እጩዎች ገንዘብና ስጦታ ከማደል ይልቅ የመንደር ስብሰባ ጠርተው ስለ ፖሊሲ እንዲወያዩ አደረገ። የውለታ ፖለቲካው ቀነሰ፤ ድምፅ ለመስጠት የወጣው ሰው ግን አልቀነሰም። ብሔርና ዝምድና ምርጫን በሚወስንበት አገር የተገኘ ውጤት ነው፤ ስለዚህ «የእኛ ሕዝብ ከጎሳው ውጭ አይመርጥም» የሚለው አባባል ቢያንስ ተፈትኖ ይታይ ያሰኛል።

በራሳችን አገርም ሁለቱን መንገድ በአንድ ዓመት ውስጥ አይተናል። በ1997 ዓ.ም. በቴሌቪዥን የተላለፉት ክርክሮች አገር ምድሩን ቤቱ አስቀምጠዋል። ስለ መሬት ባለቤትነት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ፌዴራሊዝም ሕዝቡ ሚኒስትርና ፕሮፌሰር ሲጋጠሙ አየ። በዚያው የክርክር ወቅት ግን የገዢው ፓርቲ መሪዎች ተቃዋሚውን ቅንጅት ከሩዋንዳው የዘር ጭፍጨፋ ሚሊሻ «ኢንተርሃምዌ» ጋር አመሳሰሉ፤ ከተቃዋሚዎችም ወገን በብሔር የሚያስፈራራ ንግግር ተሰማ። ከድምፅ መስጫው በኋላ በተነሣው ግጭት ወደ 200 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ስለ ማዳበሪያ የተከራከረውን ሰው ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ያንን ቃል ግን ሁሉም ያስታውሰዋል።

አሁን ወደ ቀብሪበያህ እንመለስና አንዲት እጩ አለች እንበል።

ከተማዋ ከጅግጅጋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ናት። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የስደተኞች መጠለያ አለባት። ውሃ እዚህ ወሬ ሳይሆን ዋጋ ነው። የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ገንዳ፣ ብርካ የሚሉት፣ በየሰፈሩ አለ፤ አብዛኛው የግል ነው፣ ውሃው ይሸጣል። ብርካው ሲደርቅ በቦቴ የመጣ ውሃ ይገዛል። ከጀረር ሸለቆ በቧንቧ የሚመጣው ውሃ ለከተማውም ለስደተኛውም የሚዳረስ ነው፤ ፓምፑ ሲቆም ሁለቱም ይጠማሉ። እጩዋ ስለዚህ ነገር ልትናገር ተዘጋጅታለች። በጠዋቱ ስልኳ ሲከፈት ግን ባለቤት የሌለው ድምፅ ይጠብቃታል፤ «ይቺ ሴት ውሃውን ከከተማው ነጥቃ ወደ ባሏ ጎሳ ሰፈር ልትወስደው ነው፤ ገንዘቡንም ተቀብላለች» ይላል።

የመጀመሪያው ፈተና የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ዘመዶቿ ተሰብስበው የተናጋሪውን ጎሳ ለማወቅ ይሽቀዳደማሉ። ለተናጋሪው የጎሳ ስም ከተሰጠው ነገሩ ያበቃለታል፤ ከዚያ ወዲያ ቅስቀሳው ስለ ውሃ ሳይሆን ስለ ሁለት ጎሳ ነው። ብልህ እጩ ይህን በር አትከፍትም። ሁለተኛው ወጥመድ ውሸቱን እየደጋገሙ ማስተባበል ነው። «ውሃ ልነጥቅ አይደለም፣ ገንዘብ አልተቀበልኩም» እያለች ቀኑን ሙሉ ብትዞር፣ ወሬውን ያልሰማው ሰው ከእርሷ አፍ ይሰማዋል። መልሱ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ አጭር ይሆናል፤ ከእውነቱ ይጀምራል። ቧንቧው የት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ ፓምፑ በዓመቱ ስንት ጊዜ እንደቆመ፣ እርሷ ምን ልታደርግ እንዳሰበች፣ ከዚያም «የተባለው ሐሰት ነው» ብላ ታልፋለች። ይህንንም በራሷ የድምፅ መልእክት፣ በራሷ ስም፣ በዚያው ዕለት ትልከዋለች፤ ምክንያቱም ሐሰቱ የሄደበት መንገድ ላይ እውነቱም መሄድ አለበት።

ቀጥሎ ያለው ሥራ በስልክ አያልቅም። በሶማሌ ባህል የወንዶች ሸንጎ፣ ሽር የሚባለው፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነገር ይቆርጣል፤ ሴቶች በልማዱ አይቀመጡበትም። ስለዚህ እጩዋ ስለ እርሷ የሚናገር ሰው ወደ አገር ሽማግሌዎች መላክ ብቻ አይበቃትም፤ ገብታ መናገር አለባት። ሽማግሌው «ልጄ፣ ወሬውን ሰምተናል፤ አንቺ ምን ትያለሽ?» ቢሏት መልሷ ስለ ስሟ መሆን የለበትም። የትኛው ብርካ ተሰንጥቋል፣ የትኛው ሰፈር ከቦቴ ይገዛል፣ በቦቴና በቧንቧ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የማንን ኪስ ይጎዳል፤ ይህን በስምና በሰፈር ብትዘረዝር ሽማግሌዎቹ የሚከራከሩበት ነገር ያገኛሉ። ሰው የሚከራከርበት ተጨባጭ ነገር ሲያገኝ ሐሜቱን ይተወዋል። ወተትና አትክልት የሚሸጡት ሴቶች ደግሞ ለብቻቸው ሊሰበሰቡ ይገባል። የገበያውን ወሬ የሚያሰራጩት እነርሱ ናቸው፤ የጀሪካን ዋጋንም ከማንም በላይ ያውቃሉ። ያቺ እጩ ከእነርሱ የምትማረው ቁጥር ከማንኛውም የፓርቲ ማኒፌስቶ ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። በጎ ቅስቀሳ ማለት ተቀናቃኝን አለመንካት አይደለም። ለሦስት ዓመት ፓምፑን ያላሠራ አስተዳዳሪ ካለ፣ «ይህ አስተዳደር ለሦስት ዓመት ፓምፑን አላሠራም» ማለት የእጩዋ ግዴታ ነው። ያንን መዝገብ ያልጠቀሰች እጩ ጨዋ ሳትሆን ደካማ ናት። መስመሩ ያለው በሠራውና በተወለደበት መካከል ነው። ሰውየው የሠራውን ወይም ያልሠራውን መንካት ምርጫ ነው፤ አባቱን፣ እናቱን፣ ሃይማኖቱን፣ ሚስቱን መንካት ጥቃት ነው። ገዢው ፓርቲም ትችትን ሁሉ «ስም ማጥፋት» ብሎ ከመክሰስ መቆጠብ አለበት፤ ይህ ብርቱ ፈተና የሚሆነው ለእርሱ ነው።

ሕጉ ይረዳል ወይ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1185 ጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እሥራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይቀጣል። ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰት ያሰራጨ ሰው ደግሞ ቅጣቱ ይከብድበታል። የምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011ም የሥነ ምግባር ደንብ አለው፤ በዚያው በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ከ100 በላይ ፓርቲዎች ተሰብስበው የቃል ኪዳን ሰነድ ፈርመዋል። እኔ በወንጀል ክስ ላይ ብዙ ተስፋ አላደርግም። ክስ የሚመሠርተው መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ በምርጫ ውስጥ ራሱ ተወዳዳሪ ፓርቲ አለው። ስም የሌለውን የድምፅ መልእክት ባለቤት ፈልጎ ከማግኘት ይልቅ በስሙ የጻፈውን ተቺ መክሰስ ሁልጊዜ ይቀላል። ስለዚህ ጉልበቱ መዋል ያለበት ሰው የሚከራከርበትን መድረክ በማስፋት ላይ ነው።

መድረኩ ለመሥራት ከባድ አይደለም። ሕጉ ለፓርቲዎች በመገናኛ ብዙኃን ነፃ የአየር ሰዓት እንዲደለደል ያዛል። የክልሉ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ በሶማሊኛ ያስተላልፋሉ። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ የሚያስተምር፣ አዳራሽም ምሁርም ያለው ተቋም ነው። በየምርጫ ክልሉ ያሉ እጩዎች ፊት ለፊት ቢከራከሩ፣ ክርክሩ ተቀርጾ እንደ ሴራሊዮኑ በየከተማው ቢታይ፣ በስልክም ተቆራርጦ ቢላክ፣ ባለቤት የሌለው ድምፅ ባለቤት ያለው ድምፅ ይገጥመዋል። ክርክሩ በአዲስ አበባ ስቱዲዮ በፓርቲ መሪዎች ብቻ መካሄዱ ለአውበሬ መራጭ ምንም አይፈይድለትም፤ እርሱ የሚመርጠው የፓርቲውን ሊቀ መንበር ሳይሆን የአውበሬውን እጩ ነው።

የሲቲ ዞን ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው፤ በአንድ ክልል ውስጥ እንኳ አንድ ዓይነት ቅስቀሳ እንደማይሠራ ያሳያል። ሽኒሌ፣ ኤረር፣ አይሻና ደወሌ የባቡር አገር ናቸው። በፈረንሳዮች የተሠራው የድሮው ባቡር ድሬዳዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ባቡሩ ሲቆም ብዙ ትንንሽ ጣቢያዎች ገበያቸውን አጥተው ቀሩ፤ በባቡሩ እየተሳፈሩ የሚነግዱት ሴቶችም ሥራቸው ተቋረጠ። አዲሱ ባቡር በዚያው አካባቢ ያልፋል። የሲቲ አርብቶ አደር ዝናቡ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚዘንበው ከረን ነው፤ ያ ዝናብ ሲቀር ከብቱ ያልቃል፤ በ2007ና በ2008 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። እዚያ የሚወዳደር እጩ ስለ ቧንቧ ብቻ ቢናገር የሚሰማው ያጣል። ባቡሩ ከብታችንን የሚጭነው መቼ ነው፣ ባቡሩ የሚያልፍበት ሰው ምን ያገኛል፣ ድርቅ ሲመጣ መኖ ከየት ይመጣል፤ እነዚህን በስሌት የመለሰ እጩ የትኛው ጎሳ ወለደው የሚለውን ጥያቄ ባያጠፋውም ሁለተኛ ያደርገዋል። ሁለተኛ መሆኑም ቀላል ነገር አይደለም።

ጎሳ ከዚህ ምርጫ ይጠፋል ብዬ አልጽፍም። ሰው ችግር ሲደርስበት የሚደርስለት ዘመዱ ነው፤ ጉማውን የሚያወጣለት፣ በድርቅ ዘመን ግመል የሚያውሰው እርሱ ነው። መንግሥት ይህን እስኪያደርግ ድረስ መራጭ ዘመዱን ቢያስቀድም የሚወቀስበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ያው መራጭ የልጁን ጀሪካን ዋጋም ያውቃል። የሁለት ጎሳ ሰዎች ከአንድ ብርካ በአንድ ዋጋ ይገዛሉ። በዚህ ላይ የቆመ ቅስቀሳ እስካሁን በእነዚህ ከተሞች ሙሉ ዕድል አልተሰጠውም፤ በ2013 ዓ.ም. ሊጀመር ሲል ተቋረጠ።

ቀብሪበያህ ያለችው እጩ ከዚህ ሁሉ በኋላ ልትሸነፍ ትችላለች። ብትሸነፍም ስለ ፓምፑ የተናገረችው ቃል በስም፣ በሰፈርና በቁጥር በሕዝብ ፊት ተነግሯል፤ ያሸነፋትም ሰው ስለዚያው ፓምፕ መልስ ለመስጠት ተገዷል፤ የሰጠው መልስም በገበያዋ ሴቶች ስልክ ውስጥ ተቀምጧል፤ በቀጣዩ ምርጫ ማንም ሊያጫውተው ይችላል።